ስድስት ብዬ የጻፍኳቸው ሰባት ልጆች

ጎረቤቴ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። በመልኳ አይደለም፣ በሀብቷም አይደለም። እሷ ገበያ ሙዝና ጎደሬ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። የቀናሁት በልጄ ነው።

ቤታችን ጎን ለጎን ነው፣ በመሃል የእንጨት አጥር አለ። እሷ የቤንች ልጅ ናት። እኔን አባቴ አስተማሪ ሆኖ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ወለደኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ አንዳንዴ ሴቷን አንተ፣ ወንዱን አንቺ ትላለች፤ ስትናደድ ደግሞ ይብስባታል። ባሌ በሕይወት ሳለ እሷን እያስመሰልኩ አስቀው ነበር። ይህን የምናገረው ነገሩ ሲጀመር ራሴን ከእሷ በላይ አድርጌ አይ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ባሌ ሹፌር ነበር። ልጃችን አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ታሞ ሞተብን። ልጁ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ አላስቸገረኝም። የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ከመጣ በኋላ ግን ቤት መዋል ተወ። ከእኛ ቤት በላይ፣ መታጠፊያው ላይ፣ አንድ ፑል ቤት አለ። እሱን ጨምሮ ሰባት ልጆች ከረፋድ ጀምረው ደጃፉን ይይዙታል። ትልቅ ስፒከር ያወጣሉ፣ ሞተር ብስክሌት እያስነሱ ያስጮሃሉ፣ የቢራ ጠርሙስ ድንጋይ ላይ ይሰብራሉ። የመንገዱን መብራት በወንጭፍ የመቱትም እነሱ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ለከፋው ነበር። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሴቶች ልጆች ያን መታጠፊያ ሽሽት በሰው ጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ እየረገጡ መዞር ጀመሩ። ሚዛን ደግሞ ጭቃው መቼ ደርቆ ያውቃል።

ሰው ሲነግረኝ፣ «የእኔ ልጅ አብሯቸው ይቆማል እንጂ ሰው አይነካም» እል ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ በዓይኔ አየሁት። አንዲት ተማሪ ጃንጥላ ይዛ ስታልፍ ልጄ ጃንጥላዋን ከእጇ መንጭቆ አጥር አሻግሮ ወረወረው። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ ዝናቡ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ምን አደረግኩ? ዞር ብዬ በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ሲመጣም አልጠየቅኩትም፤ «ምን ልትሆን ነው?» ብቻ አልኩት፤ እሱንም በየቀኑ እለዋለሁ። እራቱን ይዞ ክፍሉ ገባ።

በዚያ ሰሞን ነው ወደ ብሎካችን አንድ ሳጅን የተመደበው። ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ ሥራ የሚሉትን ይዞ መጣ። ወጣት ነው፣ ለትልቅ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ነዋሪውን በእሑድ ከሰዓት ሰብስቦ፣ «ፖሊስ ብቻውን ሰፈር አይጠብቅም። እናንተ ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ እኔ አላውቃቸውም። ሰብሳቢና ጸሐፊ ምረጡና አብረን እንሥራ» አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ለዚያ ስብሰባ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አዲሱን ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ እስክሪብቶና ደብተር ይዣለሁ። የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ፣ ቀበሌ ጉዳይ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ፤ ታዲያ ማን ሊመረጥ ነው? ጥቆማ ሲጠየቅ አንድ ሰው እኔን ጠቆመ። ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት የጎረቤቴን ስም ጠራች። እሷ ራሷ ደንግጣ፣ «እኔ? እኔ ማንበብ እንኳን በደንብ አልችልም» አለች። ሰው ሳቀ፤ ፍቅር ያለበት ሳቅ። እጅ ሲወጣ ለእኔ የወጣውን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ፣ ለእሷ የወጣውን ግን ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ። ከዚያ ሳጅኑ፣ «ጸሐፊ ደግሞ እርስዎ ይሁኑ፣ ጽሑፉን ይችሉበታል» አለኝ። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሷ የምትለውን መጻፍ ሆነ።

በመጀመሪያው የኮሚቴ ስብሰባ ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። አንዱ «ይታሰሩ» አለ፤ ሌላው «ፑል ቤቱ ይዘጋ» አለ። እኔ መተዳደሪያ ደንብ ይውጣ፣ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣቸው አልኩ። ሳጅኑ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ።

«እኔ ሙዜን እዚያ እሸጣለሁ» አለች።

«የት?»

«ፑል ቤቱ በር ላይ። ገበያ በማይውልበት ቀን ቤት ነው የምቀመጠው። እዚያ ብቀመጥ ምን አለበት?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳጅኑ አልሳቀም። «ይሞከር» አለ፤ እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሰብሳቢዋ ሙዝ ለመሸጥ ወስነዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የሚያስቅ እንዲሆን አስቤ ነው እንደዚያ የጻፍኩት።

በማግስቱ ቅርጫቷን ይዛ ሄዳ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጆቹ ተጫወቱባት። ስፒከሩን ወደ ጆሮዋ አዞሩት፤ አንዱ ከጀርባዋ ዘለላ አንስቶ ተከፋፈሉት። እሷ ዞር ብላ፣ «ልጣጩን መንገድ ላይ አትጣሉ፣ ሰው ያንሸራትታል» አለቻቸው። ሴት ተማሪዎች በሩቅ ብቅ ሲሉ ትነሳና እስከ መታጠፊያው ሄዳ ትቀበላቸዋለች፣ እያወራች ታሳልፋቸዋለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። በየቀኑ እንዲሁ። ለልጆቹም ተራ ነገር ትጠይቃቸዋለች፦ ያንተ እናት የት ናት፣ አንተ ስንት ወንድም አለህ፣ ምሳ በልታችኋል ወይ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ሱቄ ከሚመጡ ሰዎች ነው። ፎቶ ኮፒው እየወጣ ሳለ ያወሩልኛል፤ እኔ ወረቀቱን አስተካክላለሁ።

በሁለተኛው ወር ዝናቡ ሲበረታ ልጆቹ በባሕር ዛፍ እንጨትና በፕላስቲክ መጠለያ ሠሩላት። ጉድጓዱን የቆፈረው ልጄ ነው። እኔ አንድ የወደቀ የአጥር እንጨት እንዲያቆምልኝ ከበጋ ጀምሬ ስለምነው ነበር። በዚያ በኩል ሳልፍ ሸሚዙን አውልቆ፣ ወገቡ ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ እየሳቀ አየሁት። ልጄ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። መደሰት ነበረብኝ፤ ማንኛዋም እናት ትደሰት ነበር። እኔ ግን የታየኝ የሚስቅላት ሴት ብቻ ነበረች። ቅርጫቷ አጠገብ ተቀምጣ ውኃ በጆግ ይዛለታለች።

ቀጥሎ ደግሞ የጃንጥላውን ጉዳይ ሰማሁ። ጎረቤቴ ልጅቷንና ልጄን መጠለያው ሥር አስቀምጣ አነጋግራቸዋለች። እሱ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን የነገረችኝ የልጅቷ አክስት ናት፣ የልደት ማስረጃ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ።

«ልጅሽን እግዜር ይባርከው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ይቅርታ የጠየቃት» አለችኝ።

«አዎ፣ ቤት ቁጭ አድርጌ መክሬው ነበር» አልኳት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሴትየዋ አመስግናኝ ሄደች። ውሸት መሆኑን ማንም አልጠረጠረም፤ እናት ልጇን መከረች ቢባል ማን ይጠራጠራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ በኩል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤቴ ጓሮ ተቀምጦ ጎደሬ ይልጥላታል። የሰው ወሬ መስማት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እርጥብ አንሶላ ይዤ ቆምኩ።

«ቤት ስገባ ምን ልትሆን ነው ትለኛለች» አላት። «መልስ የለኝም። መካኒክ መሆን ነው የምፈልገው። አባቴ ከመኪና ሥር ሲገባ አብሬው እገባ ነበር። ይህን ብላት ለዚህ ነው ያስተማርኩህ ትለኛለች።»

«ለእኔ ምንም አትሁን» አለችው። «አሁን ጎደሬውን ላጥ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጄ መካኒክ መሆን እንደሚፈልግ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ሲነገር። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለእኔ ያለው መልስ ዝምታ፣ ለእሷ ያለው የሆዱ ሁሉ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ከአባቱ ሞት በኋላ ብቻዬን ያሳደግኩት እኔ። ያን ሌሊት እሷ ከሰፈር ብትለቅ ብዬ ተመኘሁ። ታማ ሳይሆን፣ ክፉ ሳይነካት፣ ዝም ብላ ወደ ዘመዶቿ ብትሄድ።

መታጠፊያው ግን ሰላም ሆነ። ስፒከሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተማሪዎቹ በዋናው መንገድ መመለስ ጀመሩ። ሳጅኑ መጥቶ፣ «አለቆቼ የዚህን ብሎክ ሥራ በጽሑፍ ይፈልጉታል፣ ሪፖርት ያዘጋጁልኝ» አለኝ። የልጆቹን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ከጎረቤቴ ጠየቅኩ። ሳታቅማማ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቃቸዋለች።

ሪፖርቱን ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ጻፍኩት። «ቀደም ሲል አደገኛ ቦዘኔ የነበሩ ስድስት ወጣቶች በኮሚቴው ጸሐፊ ክትትልና የማያቋርጥ ምክር ወደ መልካም ሥነ ምግባር ተመልሰዋል» የሚል ነበር። ከሥሩ የስድስቱን ስም ዘረዘርኩ። የልጄን ስም አልጻፍኩም። ስለ ሙዝ አንድም ቃል የለበትም። ሰብሳቢዋ ያለችው ከታች ለፊርማ በተተወው ቦታ ብቻ ነው። ወስጄ አስፈረምኳት።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሥራችንን ነው የሚለው።»

እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ፊደሎቿን አንድ በአንድ ለቅማ ፈረመች።

ሪፖርቱ ተወደደ። ቴፒ ላይ በተዘጋጀ የልምድ ልውውጥ ላይ ጸሐፊዋ ቀርበው ያስረዱ ተባለ። በሚኒባስ በሸኮ አድርጌ ሄድኩ። መንገዱ በጫካና በቡና መሃል ይወርዳል፤ ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ ነጠላዬን አስወለቀኝ። ፊት ወጥቼ ያዘጋጀሁትን አነበብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ከመካከል አንዲት ሴት ተነሳች። በእጇ ደብተርና እርሳስ ይዛለች።

«የእኔም ልጅ እንደነሱ ነው» አለች። «መጀመሪያ ቀን ሲሄዱ ምን አሏቸው? ቃሉን እንዳለ ይንገሩኝ፣ ልጻፈው።»

«መከርኳቸው» አልኩ።

«ምን ብለው?»

«የሥራን ክቡርነት… የወላጅን ልፋት…» አልኩ። ሴትየዋ ምንም ሳትጽፍ ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች። ልትሰማው የመጣችው ነገር እኔ ዘንድ እንደሌለ የገባት መሰለኝ። ማወቁንስ አውቀው ነበር፤ «ልጣጩን መንገድ ላይ አትጣሉ» ነው የመጀመሪያው ቃል። ግን ያን ብናገር የማን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ለዚያች እናት የሚጠቅማትን አንድ ነገር ከቅናቴ የተነሳ ነፈግኳት። እስከ ሚዛን ድረስ ፊቷ አብሮኝ ተመለሰ።

ወር ሳይሞላው በሌላ ሰፈር አንድ ሱቅ ባለቤቱ በሌለበት ከሰዓት ላይ ተሰብሮ ስልኮች ተሰረቁ። መርማሪዎቹ እዚያ ያለውን የሚያጣሩ ናቸው፣ እኛን አያውቁንም፤ ፊታቸው ያገኙት ግን የእኔን ሪፖርት ነው። አደገኛ ቦዘኔ ይላል፣ ስም ከነአባት አለው። ስድስቱን ልጆች በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለጥያቄ ጠርተው ወሰዷቸው።

ልጄ ሱቄ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጓደኞቼን ሁሉ ጠሯቸው። እኔን ለምን አልጠሩኝም?»

«አንተ ምን አጠፋህና?»

«እነሱስ ምን አጠፉ?»

ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ፋይል ሄደ። አወጣው፣ ቆሞ አነበበው። የሚያነብበትን ፍጥነት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ እንዳነበበው አወቅኩ።

«ስድስት» አለ።

«ላንተ ብዬ ነው…»

«አብሬያቸው ነበርኩ፣ እማ። ጃንጥላውን የወረወርኩት እኔ ነኝ። አሁን እኔ የጠቆምኳቸው ነው የሚመስላቸው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሄደው።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ መጣች። ከገበያ እንዳለች ነው የሮጠችው፤ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ዝርዝሩን አንተ ነህ የጻፍከው?»

አንተ አለችኝ። እንደ ድሮው ቢሆን በሆዴ እስቅ ነበር።

«ሪፖርት ስለሆነ ስም ያስፈልጋል…»

«የእኔን ስም ተወው። ተነግሮኛል፣ ቴፒ ሄደህ እኔ ነኝ ብለሃል። ምንም አላልኩም። ልጆቹ ግን የአባታቸውን ስም የነገሩኝ ለእኔ ነው። አንዱ አባቱን አይቶት አያውቅም፣ ስሙን ለሰው አይናገርም፤ ለእኔ ነገረኝ። እኔ ለአንተ ሰጠሁህ። አንተ ለፖሊስ ቦዘኔ ብለህ ሰጠህ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አሁን እኔን ምን ይሉኛል?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ሱቁን ቆለፍኩ፣ ተከተልኳት።

ጣቢያው ውስጥ ስድስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ልጄ ሰባተኛ ሆኖ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከእሱ አጠገብ ያለው ልጅ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። ሳጅናችን ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ ከመርማሪው ጋር ቆሞ ያወራል። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰባት ናቸው» አልኩ። «ሰባተኛው የእኔ ልጅ ነው፣ ስሙን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። ቦዘኔ የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ኮሚቴው አላለም። የመከርኳቸውም እኔ አይደለሁም። ሥራውን የሠራችው እሷ ናት፤ በቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

ሳጅኑ ደብተሩን ገልጦ ያቺን «ሙዝ ለመሸጥ ወስነዋል» የምትለውን መስመር አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ቀንቼ ነው» አልኩት።

ልጄ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሰማኝ ነበር። ሳጅኑ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ጎረቤቴን አየ። እሷ ሱቁ በተሰበረበት ቀን ልጆቹ ከሰዓቱን ሙሉ መጠለያዋን ሲያድሱላት መዋላቸውን ተናገረች፤ የፑል ቤቱ ባለቤትም ተጠርቶ እንደዚያው መሰከረ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተለቀቁ። መርማሪው ይቅርታ ጠይቋቸዋል።

ሪፖርቱን እንደ አዲስ ይጻፉት ተባልኩ። በዚህኛው ጊዜ ጎረቤቴ ሱቄ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና አጻፈችኝ። «ፑል ቤት በር ላይ ሙዝ ሸጥኩ። ልጆቹን ተዋወቅኳቸው። ሴት ተማሪዎቹን እያሳለፍኩ ቆየሁ፣ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው አሳለፏቸው።» ጣቶቼ ሌላ ነገር ሊጨምሩ፣ ሊያሳምሩ ፈለጉ። «በቃ» አለችኝ። ሲታተም ወስዳ ለልጄ አስነበበችው፤ እኔን አንብቢልኝ አላለችኝም። ልክ ነበረች።

የተበላሸው ሁሉ አልተጠገነም። አባቱን የማያውቀው ልጅ መታጠፊያው ላይ ዳግመኛ አልታየም፤ ቱም ከተማ ዘመድ ዘንድ ሄዷል ተባለ። ጎረቤቴ ብዙ ጊዜ መልእክት ላከችበት፣ መልስ አልመጣም። ልጄን ጓደኞቹ ቀስ እያሉ መለሱት፤ ለእኔ ግን ሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በላይ አልተናገረኝም። ምግብም የሚበላው እሷ ቤት ነበር። እሷ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ «እንዲመጣ እየነገርኩት ነው» አለችኝ። ይህንንም ቀናሁበት። ልጄ ወደ እኔ የሚመለሰው በእሷ ቃል ነው ማለት ነው።

የተመለሰ ቀን ምን ልትሆን ነው አላልኩትም። ከአባቱ ሣጥን ውስጥ የመፍቻ ቁልፎቹን አውጥቼ ሰጠሁት። አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸውና፣ «ዝገዋል» አለ። ከዚያ ጓሮ ተቀምጦ በናፍጣ ሲያጥባቸው ዋለ፤ እኔም ጨርቅ ሳቀብለው ዋልኩ።

አሁን ቴፒ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ይማራል። እኔ ዛሬም የብሎኩ ጸሐፊ ነኝ፤ ልልቀቅ ስል ጎረቤቴ እንቢ አለች። «የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል፣ አሁን ደግሞ አንብበሽ ታስፈርሚያለሽ» አለችኝ። በየስብሰባው አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሰው እሷን ሲያወድስ አሁንም አንድ ነገር እዚህ ደረቴ ላይ ይቆነጥጠኛል፤ ያልፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ አላለፈም። የሚለየው አሁን ሲቆነጥጠኝ ስሙን ማወቄ ነው፤ እስክሪብቶዬንም ያን ጊዜ አላነሳም።

ልጄ ለበዓል ሲመጣ የማን ቤት ቀድሞ እንደሚገባ በመስኮት አያለሁ። ባለፈው ፋሲካ በዋዜማው ቦርሳውን እንደያዘ በቀጥታ ወደ እኔ ገባና ሳመኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ላይ ነው እሷ ያን ቀን ገበያ ውላ እንደነበር ትዝ ያለኝ።